አምስት ጊዜ ነዳጅ፣ ስድስት ጊዜ ፍሬን፦ የአንዲት አሮጌ ካምሪ ቁልፍ ማስታወሻ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ናት። አብረዋት የመጡት ቁልፎች ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ጥቁር ራስ ያላቸው ዋና ቁልፎች፣ አንዱ ግራጫ ራስ ያለው ረዳት ቁልፍ። ከጥቁሮቹ አንዱ ከጠፋ ሦስት ሳምንት አለፈው። የት እንደወደቀ ስለማላውቅ ማን እጅ እንደገባም አላውቅም። የቀረው ጥቁር ደግሞ ራሱ ተሰንጥቋል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ፕላስቲኩ አፉን ይከፍትና በውስጡ ያለችው ቺፕ ጫፏን ብቅ ታደርጋለች። እሷ አንድ ቀን ሳላያት ከወደቀች ቁልፉ ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራው ሦስት ነው። የጠፋውን ቁልፍ ከመኪናዋ መዝገብ መሰረዝ፣ ሁለት አዲስ ዋና ቁልፎች ማስመዝገብ፣ የተሰነጠቀውን ማዳን።

ከሁሉ በፊት መኪናዋ በእርግጥ ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም ያልተመዘገበ ቁልፍ ሞተሩን እንዳያስነሳ የሚከለክል መሣሪያ፣ እንዳላት ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ በዚያ ዘመን ሁሉም መኪና አልነበረውም። ቁልፉ ሲወጣ ክሩስኮቱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ነገር ግን ሌባ ለማስፈራራት ብቻ መብራት የሚያስገጥም ሰውም ስላለ በእሷ ብቻ አልተማመንኩም። የቁልፉን ራስ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልዬ ለማስነሳት ሞከርኩ። ሞተሪኖው እንደ ወትሮው ሞተሩን አዞረ፣ አዞረ፣ ሞተሩ ግን አልተነሣም። ፎይሉን ገፍፌ ስሞክር ወዲያው ተነሣ። የዚች መኪና ኢሞቢላይዘር ሞተሪኖውን አይነካም፤ የሚዘጋው ነዳጅ መርጨቱንና እሳት መስጠቱን ነው። ቺፑ የሞተበት ሰው ነዳጅ ፓምፕ ሲፈታና ካንዴላ ሲቀይር የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ ማታ

ማታውን በንባብ አሳለፍኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ዙሪያውን የከበበ ጥቅልል ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲገባ ሽቦው በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። ቺፗ ባትሪ የላትም፤ ከዚያ ሞገድ ላይ ጉልበት ትቀዳና ጥቃቅን ማጠራቀሚያዋን ትሞላለች። ለመሙላት የሚፈጅባት 50 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፤ ከዚያ ሽቦው ዝም ሲል እሷ በተራዋ 64 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥሯን ትናገራለች። የመኪናዋ ኮምፒውተር ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። አለ ካለ ሞተሩ ይፈቀድለታል፣ የለም ካለ አይፈቀድለትም።

የእኔ ቺፕ 4ሲ የምትባለው ናት። ባሕርይዋ ቀላል ነው፤ በጠየቋት ቁጥር ያንኑ ቁጥር ትመልሳለች። ከእሷ በኋላ የመጣችው 4ዲ ከዚህ ትሻላለች። መኪናው የዘፈቀደ ጥያቄ ይልክላታል፣ እሷም ውስጧ ባለው 40 ቢት ምስጢር ጥያቄውን አስልታ መልስ ትሰጣለች፤ መልሱ በየጊዜው ይለያያል። እሷም ብትሆን የማትደፈር አልሆነችም። እ.ኤ.አ. በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአር ኤስ ኤ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ምስጢሯን እንዴት ፈልፍለው እንዳወጡት በይፋ አሳይተዋል። በቶዮታ ቁልፎች ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ይቻላል፤ ብረቱ ላይ ነጥብ የተመታበት 4ዲ ነው፣ ጂ የሚል ፊደል ያለበት ደግሞ ከዚያም የሚቀጥለው ትውልድ ነው። የእኔ ብረት ላይ ምንም የለም።

አንድ ወዳጄ ምዝገባ ውስጥ ምን አስገባህ፣ ቁጥሩን ወደ ባዶ ቺፕ አስገልብጠህ ተገላገል አለኝ። ይቻላል፤ ቁጥሯ የማይለዋወጥ ስለሆነ 4ሲን መቅዳት ቀላል ነው። እኔ ግን አልፈለግሁትም። የተቀዳ ቁልፍ ለመኪናዋ ያው አሮጌው ቁልፍ ነው፣ ሁለቱን አትለያቸውም። ነገ አንዱ ቢጠፋ እሱን ለመሰረዝ ሌላውንም አብሬ መሰረዝ ሊኖርብኝ ነው። አሁን ያለሁበት ጣጣ ውስጥ ደግሞ የሚያስፈልገኝ መሰረዝ መቻል ነው።

ለምዝገባው የሚያስፈልገው ኮምፒውተርም ሆነ ልዩ መሣሪያ የለም። መኪናዋ ትእዛዝ የምትቀበለው በእግር ነው! አንድ የተመዘገበ ዋና ቁልፍ ማስገባት። በ15 ሰከንድ ውስጥ ነዳጅ መስጫውን 5 ጊዜ ረግጦ መልቀቅ። በ20 ሰከንድ ውስጥ ፍሬኑን 6 ጊዜ ረግጦ መልቀቅ። ቁልፉን አውጥቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ አዲሱን ማስገባት፣ ነዳጅ መስጫውን አንድ ጊዜ መርገጥ። ከዚያ ቀይዋ መብራት 60 ሰከንድ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከጠፋች ቁልፉ ተመዝግቧል። ፍሬኑን አንድ ጊዜ ሲረግጡ ሥራው ይዘጋል።

ልብ የሚያስጥለው ቁጥሩ ነው። 5 ነዳጅ 6 ፍሬን ዋና ቁልፍ ይጨምራል። 4 ነዳጅ 5 ፍሬን ረዳት ቁልፍ ይጨምራል። 6 ነዳጅ 7 ፍሬን ደግሞ በእጅ ካለው ዋና ቁልፍ በስተቀር ሁሉንም ይሰርዛል። በመጨመርና በማጥፋት መካከል ያለው ልዩነት ከእያንዳንዱ ፔዳል አንድ እርግጫ ብቻ ነው። በወረቀት ጽፌ መሪው ላይ ለጠፍኩት።

እሑድ

የብረቱ ሥራ። ሁለት ባዶ ቁልፎች ገዝቻለሁ፤ ሁለቱም 4ሲ አላቸው ተብሏል። የመጀመሪያውን ከተሰነጠቀው ቁልፍ ላይ አስገለበጥኩት። ስህተት ነበር። አሮጌው ቁልፍ ከሃያ ዓመት በላይ እየገባ እየወጣ ጥርሱ ተልጓል፤ ግልባጩም ያንኑ የተላገ ጥርስ ወረሰ፣ በዚያ ላይ የመቁረጫው የራሱ ስህተት ተጨመረበት። በሩን ከፈተ፤ ማስነሻው ላይ ግን ወዝወዝ ካላደረጉት አይዞርም።

ከመኪናዋ ሰነዶች ጋር በተቀመጠች ኤንቨሎፕ ውስጥ የጥፍር ያህል ስፋት ያላት ብረት ተገኘች፤ ላይዋ ላይ 5 አሃዝ ተመቶባታል። ይህ የጥርሱ ጥልቀት የሚታወቅበት የቁልፍ መለያ ቁጥር ነው። ሁለቱንም በዚያ ቁጥር አስቆረጥኳቸው፤ የመጀመሪያው ብረት ስለተበላሸ ራሱን ብቻ አስቀርቼ ብረቱን አስቀየርኩት። አሁን ማስነሻው እንደ ቅቤ ይዞራል። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አድርጌ በብርሃን ሳያቸው የአሮጌው ጫፎች ክብ ሆነው ቀርተዋል።

ሰኞ ማታ

የመጀመሪያ ሙከራ። ባትሪው በሙከራው መካከል እንዳይደክም ቻርጀር አያይዣለሁ። ውድ የሆነውን የተሰነጠቀ ቁልፍ ላለማጉላላት በግራጫው ልጀምር ብዬ ነበር፤ ለሁለት ሙከራ ያህል ፔዳል ስረግጥ ከቆየሁ በኋላ ነው ግራጫው ረዳት ቁልፍ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ረዳት ቁልፍ ያስነሳል እንጂ ሌላ ቁልፍ የማስገባት ሥልጣን የለውም። የራስ ቀለም ቢቀየር እንኳ መለያ አለ፤ ዋናው ሲገባ ቀይዋ መብራት ወዲያው ትጠፋለች፣ ረዳቱ ሲገባ ግን 2 ሰከንድ ያህል በርታ ነው የምትጠፋው። ለብዙ ዓመታት ዓይኔ እያየ አላስተዋልኩትም።

ከዚያ በጥቁሩ፣ ራሱን በስኮች ጠቅልዬ። 5፣ 6፣ አወጣሁ፣ አዲሱን አስገባሁ፣ አንድ ጊዜ ነዳጅ። መብራቷ የሚጠበቅባትን አላደረገችም። ሞተሩ ዞረ እንጂ አልተነሣም። ሁለተኛውን አዲስ ቁልፍ ሞከርኩ፣ ያው ነው። አዲሶቹ ቁልፎች ከአሮጌው ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ተንጠልጥለው እንደነበር አስተዋልኩ። ሁለት ቺፕ ከጥቅልሉ አጠገብ ሲሆኑ ምላሻቸው ሊደባለቅ ይችላል። ለያየኋቸውና ደገምኩ። ምንም።

ማክሰኞ

አራት ሙከራ፣ አራት ውድቀት። በሰዓት ቆጣሪ አደረግሁት፣ ፈጠንኩ፣ ዘገየሁ፣ በርን ዘግቼና ከፍቼ ሞከርኩ። መጥፎ ቺፕ ሸጠውልኛል ብዬ መራገም ጀምሬ ነበር። ከዚያ ረጋ ብዬ ሳስበው ሁለቱም ቁልፎች በአንድ ዓይነት መንገድ ከከሸፉ ጥፋቱ ሁለቱም ከሚጋሩት ነገር መፈለግ አለበት፤ የሚጋሩት ደግሞ እኔንና ፔዳሎቹን ነው። በዚህ ሐሳብ ግማሽ ትክክል ነበርኩ፤ ግማሹ ስህተት ሐሙስ ዕለት ይገለጣል።

ረቡዕ ማታ

ኮምፒውተሩ እግሬን አያይም። ነዳጅ መስጫውን የሚቆጥረው ከስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ከሚቆጣጠረው ክፍል) አነፍናፊ ነው፤ ፍሬኑን የሚቆጥረው ደግሞ የኋላውን የፍሬን መብራት ከምታበራው ትንሽ ማብሪያ ነው። እንግዲያው እሱ የሚቆጥረውን እኔም ማየት እችላለሁ።

መኪናዋን ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኳትና ታናሽ እህቴን ከኋላ አስቁሜ ልክ በሙከራው እንደማደርገው ቶሎ ቶሎ ረገጥኩ።

«ስንት ቆጠርሽ?»

«አራት።»

«ስድስት ነው የረገጥኩት። በደንብ እዪ።»

«በደንብ እያየሁ ነው፣ አንተ በደንብ ርገጥ!»

ደገምኩ። አምስት አለችኝ። በሦስተኛው ራሴ በመስታወቱ ግድግዳውን እያየሁ ረገጥኩ፤ ቀዩ ጥላ አንዳንዴ ጭራሽ አይመጣም። ረዘም አድርጌ፣ ወደ ታች ጠልቄ ስረግጥ ግን ሁልጊዜ ይበራል። መንገድ ላይ የሚረገጥ ፍሬን ጠለቅ ስለሚል አስተውዬው አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ፍሬን ስነካካ ላያይልኝ ይችል ነበር ማለት ነው። ይህ ከቁልፉ ይልቅ አሳፈረኝ።

ከመሪው ሥር በጀርባዬ ተኝቼ በባትሪ መብራት ፈለግኋት። ማብሪያዋ ከፍሬኑ ፔዳል ክንድ በላይ ተሰክታለች፤ ፔዳሉ ሲለቀቅ ክንዱ የማብሪያዋን ቀጭን ዘንግ ይጫናታል፣ ሲረገጥ ክንዱ ይርቅና ዘንጓ ትወጣለች፣ መብራቱ ይበራል። ማብሪያዋን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ልል ነበር፤ በጣቴ ዞረ። በንዝረት እየተሽከረከረች ወደ ፔዳሉ ተጠግታለች። ስለዚህ ፔዳሉ ብዙ ወርዶም ዘንጓ እንደተጫነች ትቆያለች። ሶኬቷን ነቅዬ በቴስተር ሞከርኳት፣ እሷ ራሷ ደህና ናት። ወደ ኋላ መልሼ ፔዳሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ እንድታበራ አስተካከልኳት፣ ዳዶውን በመፍቻ አጠበቅሁት።

«አሁንስ?»

«ስድስት። አንዱንም አልዘለለም።»

ሐሙስ

ጥቁሩን አስገባሁ። 5፣ 6። አዲሱን አንደኛ ቁልፍ አስገባሁ፣ አንድ ጊዜ ነዳጅ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። 60 ሰከንድ ያን ያህል ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ጠፋች። ፍሬን አንድ ጊዜ። ቁልፉን አውጥቼ እንደገና አስገባሁት፣ አስነሳሁ፣ ተነሣ።

ወዲያው ሁለተኛውን አዲስ ቁልፍ ቀጠልኩ። መብራቷ አልጠፋችም። ደገምኩ፣ አልጠፋችም። ሰው በድሉ መካከል እንዲህ ሲደረግበት ፔዳሉን ደጋግሞ ከመርገጥ የሚሻለው መውጣት ነው። ወጣሁ።

ቺፕ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ያለው ጓደኛዬ ጋ ሁለቱንም ወሰድኳቸው። አንደኛው 4ሲ። ሁለተኛው 4ዲ። ለካ ጥፋቱ ሁለት ነበር፤ የፍሬኑ ማብሪያ ከፊት ቆሞ የተሳሳተውን ቺፕ ሸፍኖልኛል። ማክሰኞ ዕለት «ሁለቱም ከከሸፉ ምክንያቱ አንድ ነው» ማለቴ ነው ሁለተኛውን ቁልፍ ንጹሕ ያስመሰለው። በራሱም ሆነ በብረቱ ላይ ምንም ምልክት አልነበረውም፤ ምልክት የሚመታው የፋብሪካው ቁልፍ ላይ እንጂ እንዲህ ባለው ላይ አይደለም። የሸጠልኝ ሰው ሳይከራከር ትክክለኛዋን ቺፕ ሰጠኝ። መጠኗ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ነው፤ ከቁልፉ ራስ ጎን ባለች ቀዳዳ ትገባለች።

ዓርብ

ዛሬ ምንም አልነካሁም፤ ስለ ቅደም ተከተሉ ብቻ አሰብኩ። ስረዛው በሚካሄድበት ቅጽበት መኪናዋ የምታውቀው ቁልፍ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ያ ቁልፍ በዚያች ሰዓት ቢሞት ሁሉም ቁልፍ እንደጠፋ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ኮምፒውተሩን ፈትቶ መዝገቡ የተጻፈባትን ስምንት እግር ያላት የማስታወሻ ቺፕ በመሣሪያ አንብቦ እንደገና መጻፍ፣ ወይም ኮምፒውተሩን መቀየር ነው። በተሰነጠቀው ቁልፍ ብሰርዝ ያን አደጋ የምሸከመው በጣም ደካማ በሆነው ቁልፌ ላይ ነው።

አዲሱ አንደኛ ቁልፍ ግን ዋና ሆኖ ተመዝግቧል፣ ስለዚህ መሰረዝ ይችላል። በእሱ ልሰርዝ። አሮጌው ጥቁር ከጠፋው ጋር አብሮ ይሰረዛል፣ ከዚያ እሱን እንደ አዲስ ቁልፍ አስመዘግበዋለሁ። ሥራው ይረዝማል እንጂ ብቸኛ የሚሆነው ቁልፍ ጤነኛው ይሆናል።

ቅዳሜ ጠዋት

በመጀመሪያ አዲሱን አንደኛ ቁልፍ አሥር ጊዜ አስገብቼ አሥር ጊዜ አስነሳሁበት። አንድም አላመነታም።

ከዚያ ስረዛ። ነዳጅ 6። ፍሬን 7። እህቴ ከኋላ ሆና ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሰባት ስትል ቁልፉን አወጣሁ።

የተሰረዘ ነገር መሰረዙን በምን ያውቁታል? የጠፋው ቁልፍ እጄ ላይ የለም። እጄ ያሉትን የተሰረዙ ሁለት ቁልፎች ምስክር አደረግኋቸው። ግራጫውን አስገባሁ፣ ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ አልተነሣም። የተሰነጠቀው ጥቁር፣ ያው። አዲሱ፣ ተነሣ። እነዚህ ሁለቱ ከወጡ ሦስተኛውም ወጥቷል። እርግጥ ነው የጠፋው ቁልፍ ብረቱ ዛሬም በሩን ይከፍታል፣ ማስነሻውንም ያዞራል፤ ለዚያ መድኃኒቱ የበሩንና የማስነሻውን የቁልፍ ማስገቢያ መቀየር ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ። መኪናዋ ውስጥ ዋጋ ያለው ነገር አላስቀምጥም።

ምዝገባው አሁን ያለ ችግር ሄደ። በአንድ ዙር 5 እና 6 ከተረገጠ በኋላ መብራቷ በጠፋች ቁጥር ቁልፉን አውጥቶ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቀጣዩን ማስገባት ይቻላል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን አዲስ ቁልፍና የተሰነጠቀውን ጥቁር አከታትዬ አስገባኋቸው። ግራጫውን በሌላ ዙር፣ በ4 እና በ5፣ ረዳት አድርጌ መለስኩት። ሲገባ መብራቷ 2 ሰከንድ ቆይታ ጠፋች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

የቀረው የተሰነጠቀው ነው። ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቺፗን ሳወጣ ብሰብራት የማጣው ከአራት አንዱን እንጂ ያለኝን ሁሉ እንዳይሆን ነው።

ራሱን ሞርሳ ላይ በጨርቅ ጠቅልዬ በስሱ ያዝኩት። በስለታም ምላጭ ስንጥቁን ተከትዬ፣ በአንድ ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ እየላጥኩ፣ ወደ ቺፗ ሳይሆን ከቺፗ እየራቅሁ ቆረጥኩ። ፕላስቲኩ ያረጀ ስለሆነ አይቆረጥም፣ እየተፈረፈረ ነው የሚሄደው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንደኛው ጎን ተነሣ። ቺፗ ጥቁር፣ ጠርዟ የተስተካከለ፣ ከአንድ ወገን በደረቀ ማጣበቂያ የተያዘች ናት። በካቻቪቴ መፈልቀቅ ሲያምረኝ ተውኩት፤ የውስጧ ጥቅልል ሽቦ ከፀጉር የቀጠነ ስለሆነ ብትጎብጥ ይበጠሳል። በእንጨት ስንጥር ገፋ ገፋ ሳደርጋት ወጣች።

በመለያ ቁጥሩ ወደተቆረጠ ሦስተኛ ባዶ ቁልፍ ራስ አስገባኋት፣ ጠብታ ማጣበቂያ ጨመርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ቁጥሩ ያለው ቺፗ ውስጥ እንጂ ብረቱ ውስጥ ስላልሆነ እንደገና መመዝገብ አላስፈለጋትም። አስገባሁ፣ መብራቷ ወዲያው ጠፋች፣ ተነሣ።

ጠረጴዛው ላይ ራሱ የተገመሰ ባዶ አሮጌ ቁልፍ ቀረ። ለማየት ያህል አስገብቼ አዞርኩት። ሞተሪኖው እንደ ቅዳሜው የፎይል ሙከራ ዞረ፣ ዞረ፣ ሞተሩ ዝም አለ። ቀይዋ መብራት እንደበራች ነበር። ለእህቴ የበር መክፈቻ እንዲሆናት ሰጠኋት።